ከቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ፎም ማስረጨት፦ ረጪዎቹ ከመምጣታቸው በፊት ምን ይሠራል?

የሚረጭ ፎም፣ ማለትም ከቆርቆሮ ሥር ተረጭቶ የሚያብጠውና ብርድና ሙቀት የሚከላከለው ነገር፣ እንደ ቀለም አይደለም። ቀለሙን ካልወደዳችሁት ሌላ ትቀቡበታላችሁ። ፎም ግን ከቆርቆሮውና ከሞራሌው ጋር አንዴ ከተጣበቀ የሚነሳው ተፍቆ ብቻ ነው፤ ተፍቆም ቢሆን ሙሉ በሙሉ አይለቅም። ጣሪያው በዚያ ቀን ደረቅ ከነበረ ደረቅነቱን፣ እርጥብ ከነበረም እርጥበቱን ይዞ ይታሸጋል። ስለዚህ ትልቁ ሥራ ያለው ባለ ማሽኖቹ ከመምጣታቸው በፊት ነው፤ እነሱ የሚሠሩት በአንድ ቀን ሊያልቅ ይችላል።

ጎጃም ውስጥ ፎም የሚያስፈልግበት ምክንያት እንደ ቦታው ይለያያል። ደብረ ማርቆስ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ ሌሊት ቆርቆሮው ይቀዘቅዝና ከቤት የሚወጣው እንፋሎት ከሥሩ እንደ ላብ ውሃ ይሆናል፤ ንጋት ላይ ኮርኒሱን ያረጥባል። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ችግሯ የመጋቢትና የሚያዝያ ከሰዓት ሙቀት ነው። ክረምት ሲገባ ግን ሁለቱም ቦታ አንድ ናቸው፤ ዝናብና በረዶ ቆርቆሮውን ሲመታው ጎን ለጎን ተቀምጦ መደማመጥ አይቻልም። ፎም ለብርዱም ለሙቀቱም ለጩኸቱም ይረዳል።

ቢሆንም አንድ ነገር ልበል። ቤታችሁ ጭራሽ ኮርኒስ ከሌለው ወይም ኮርኒሱ የማዳበሪያ ጆንያ ከሆነ፣ ገንዘቡን መጀመሪያ ደህና ኮርኒስ ላይ አውሉት። በግድግዳውና በቆርቆሮው መካከል ያለውን ትልቅ ክፍተት አስደፍናችሁ፣ ኮርኒስ አስመትታችሁ አንድ ክረምት ከርሙበት። ብርዱ በዚያ ከቀነሰላችሁ ፎሙ ይቅር።

1. የትኛው ፎም እንደሚረጭ ወስኑ

የሚረጨው ፎም ሁለት ፈሳሽ ነው። አንዱ በርሜል አይሶሳያኔት፣ ሌላው ፖሊዮል የሚባለውን ይይዛል። ማሽኑ ሁለቱንም አሙቆ በእኩል መጠን ይገፋቸዋል፤ የመርጫው ጠመንጃ ጫፍ ላይ ተቀላቅለው ሲወጡ በሰከንዶች ውስጥ ያብጣሉ።

ክፍት ፎም የሚባለው መቶ እጥፍ ገደማ ያብጣል፤ ለስላሳ ነው፤ አንዱ ሜትር ኩብ 8 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ዝግ ፎም 30 እጥፍ ገደማ ብቻ ነው የሚያብጠው፤ ጠንካራ ነው፤ ሜትር ኩቡ 32 ኪሎ ገደማ ነው። በተመሳሳይ ውፍረት ዝጉ ከክፍቱ ሁለት እጥፍ በሚጠጋ መጠን ሙቀት ይከላከላል። ክፍቱ ርካሽ ነው፤ ድምፅም ደህና አድርጎ ይውጣል። ነገር ግን እንፋሎት ያሳልፋል። በደብረ ማርቆስ ወይም በእንጅባራ ብርድ፣ ከቤት የወጣው እንፋሎት ክፍቱን ፎም ሰርጎ ቀዝቃዛው ቆርቆሮ ጋ ሲደርስ ውሃ ይሆናል፤ ፎሙም ያንን ውሃ ጠጥቶ ይቀመጣል። ለደጋ ቆርቆሮ እኔ ዝጉን ነው የምመርጠው፤ በዋጋ ምክንያት ክፍቱን አስገቡ የሚላችሁን አትስሙ።

ስለ ክብደት የሚሰጉ አሉ፤ አያሰጋም። ጣሪያችሁ 80 ካሬ ሜትር ቢሆን 5 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ዝግ ፎም 130 ኪሎ ገደማ ነው፤ ያውም በመላው ጣሪያ ላይ ተበትኖ።

በጣሳ የሚሸጠው ፎም ደግሞ ለመስኮትና ለበር ዙሪያ ክፍተት ነው። በእሱ ጣሪያ ልሸፍን የሚል ሰው ገንዘቡን ይጨርሳል እንጂ ጣሪያውን አይጨርስም።

2. ጣሪያው እንደማያፈስና እንጨቱ እንደደረቀ አረጋግጡ

እዚህ ላይ አትቸኩሉ።

የሚያፈስ ጣሪያ ላይ የተረጨ ፎም ፍሳሹን ይደብቀዋል እንጂ አያቆመውም። ዝግ ፎም ውሃ አያሳልፍም። በሚስማር ቀዳዳ የገባው ውሃ ወደ ታች መንጠባጠብ ሲያቅተው በቆርቆሮውና በፎሙ መካከል እየሰረገ ሄዶ ሞራሌው ላይ ያርፋል። እንጨቱ ታፍኖ ስለሚውል በበጋም አይደርቅም። ከታች ሆናችሁ የምታዩት ንጹሕ ፎም ነው፤ ነገሩ የሚታወቀው ሞራሌው በስብሶ ሚስማር መያዝ ሲያቅተውና ነፋስ ቆርቆሮውን ሲገልጠው ነው።

ቀዳዳ የሚፈለገው በፀሐይም በዝናብም ነው። በፀሐይ ከሆነ ቀትር ላይ በርና መስኮት ዝጉ፣ መብራት አጥፉ፣ ኮርኒስ ውስጥ ገብታችሁ ዐይናችሁ ጨለማውን እስኪለምድ ቆዩ። የመርፌ ጫፍ የምታህል ቀዳዳ እንኳ ብርሃኗ ይታያል። አጠገቧ ያለውን እንጨት በጠመኔ ምልክት አድርጉበት። ይህ ግን ብቻውን አይበቃም፤ ቆርቆሮ ከቆርቆሮ የሚደራረብበት ቦታ ብርሃን ሳያሳይ ነፋስ የሚገፋውን ዝናብ ሊያስገባ ይችላል። ስለዚህ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ኃይለኛ ዝናብ ሲጥል ባትሪ ይዛችሁ ተመልከቱ። ጠብታው የሚወድቅበትና ውሃው የሚገባበት ቦታ ብዙ ጊዜ ለየብቻ ነው፤ እርጥበቱን በሞራሌው ላይ ወደ ላይ እየተከተላችሁ ሂዱ፤ መነሻው ከጠብታው ራቅ ብሎ ታገኙታላችሁ።

ጎማው የደረቀ ሚስማር ይነቀልና በአዲስ ይተካ። ዝገት የበላውን የቆርቆሮ ቅጠል በሬንጅ መለጠፍ ይቅርባችሁ፤ ፎሙ ከተረጨ በኋላ ያንን ቅጠል ብቻ ለይቶ ማንሳት መከራ ነው። ሌላም አለ፦ እዚህ አገር ሰው ቤቱን ሲያፈርስ አሮጌ ቆርቆሮውን ይሸጣል ወይም ለማድ ቤት ያውለዋል። ፎም የተለጠፈበትን ቆርቆሮ ግን የሚገዛ የለም። የ60 ቆርቆሮ ቤት ያለው ሰው ይህንንም በሒሳቡ ያስገባ።

ጥገናው ሲያልቅ አንድ ሰው ጣሪያው ላይ በጀሪካን ወይም በጎማ ውሃ ያፍስስ፤ አንድ ሰው ደግሞ ከሥር ይይ። ከታችኛው ጫፍ፣ ከክፍክፉ ጀምራችሁ ቀስ እያላችሁ ወደ ላይ ውጡ። ከላይ ከጀመራችሁ ውሃው ሁሉንም ስለሚያርስ የትኛው ቀዳዳ እንዳስገባው አይታወቅም።

ቀጥሎ እንጨቱ። ጣሪያችን በአብዛኛው ባሕር ዛፍ ነው፤ ባሕር ዛፍ ደግሞ ሲደርቅ ክፉኛ ይኮማተራል፣ ይጣመማልም። ፎም ከመረጨቱ በፊት በእንጨቱ ውስጥ ያለው ውሃ ከ19 በመቶ በታች መሆን አለበት። ይህንን የሚለካ ሁለት መርፌ ያለው ትንሽ መሣሪያ አለ፤ ደህና ረጪ ይዞት ይመጣል፤ ካልያዘ ለምን እንዳልያዘ ጠይቁት። ደብረ ማርቆስ ውስጥ የማውቀው ሰው ሰኔ ላይ እርጥብ ባሕር ዛፍ አዋቅሮ፣ ቆርቆሮ አልብሶ፣ ሐምሌ ላይ ፎም አስረጨ። በጋው ሲገፋ እንጨቱ ተኮማትሮ ከፎሙ ተላቀቀ፤ በሞራሌው ዳርና ዳር ጣት የሚያስገባ ክፍተት ተፈጠረ፤ ብርዱም ላቡም በዚያው ተመለሰ። ረጪዎቹ “ጥፋቱ የእንጨቱ ነው” አሉ፤ አናጺው “የፎሙ ነው” አለ፤ የወጣው ገንዘብ ግን የባለቤቱ ነበር። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ማለት ይኸው ነው።

አመቺው ጊዜ ከጥር እስከ መጋቢት ነው። የክረምቱን ፍሳሽ አይታችሁ ጠግናችኋል፣ እንጨቱም የበጋ ፀሐይና ነፋስ አግኝቷል።

ቆርቆሮው ከሥሩ ጥላሸት ካለበት ይታጠብ። እንጨት ሲነድበት የኖረ ቤት ጣሪያ ላይ ፎም የሚጣበቀው ከጥላሸቱ ጋር ነው፤ ጥላሸቱ ሲረግፍ አብሮ ይወርዳል። አዲስ ቆርቆሮም ቅባት ሊኖረው ስለሚችል በሳሙና ውሃ አሳጥባችሁ በደንብ ይድረቅ።

3. የጭቃ ግድግዳችሁን ተዉት

ጣሪያው አምሮላቸው ግድግዳውንም እንርጭ የሚሉ አሉ። በጭድ የተቦካ ጭቃ እርጥበት እየወሰደ እየመለሰ የሚኖር ነገር ነው፤ በዝግ ፎም ሲታፈን ማገሩና ቋሚው ውስጥ ውስጡን ይበሰብሳሉ። ምስጥ ባለበት ቦታ ደግሞ ይብሳል። ምስጥ ፎም አይመገብም፤ ነገር ግን እየቦረቦረ መንገድ ያደርገዋል፤ መንገዱም ከውጭ አይታይም።

4. ኤሌክትሪኩን ጨርሱ

ገመዱ ሁሉ በኮንዲዩት፣ በገመድ ቱቦ ውስጥ፣ ይግባ፤ የላላ መገጣጠሚያ ይስተካከል። ስፖት ላይት ካለ ጀርባው በፎም አይሸፈን፤ ሙቀቱ መውጫ ያጣል። ወደፊት ልታስገቡት የምታስቡት መስመር ካለም ባዶ ኮንዲዩት አሁኑኑ አስቀብሩ።

5. የሚረጭበት ቀን

ሰውም ከብትም ከቤት ይውጣ። ዶሮዋም ትውጣ። እህል፣ በርበሬ፣ ሽሮ፣ የጠላ ጋን፣ አልጋ ልብስ፣ ሁሉም ወደ ጎረቤት ይሂድ። አይሶሳያኔት ሲረጭ የሚተነው ነገር ሳንባ ይቆጣል፤ አንዳንድ ሰው ላይ አስም ያስነሳል፤ አንዴ ያስነሳበት ሰው ከዚያ በኋላ በጥቂቱም ይታመማል። ረጪው ንጹሕ አየር በቱቦ የሚያደርስ ጭንብል፣ ሙሉ ልብስና ጓንት ማድረግ አለበት። በጨርቅ ማስክ የመጣ ረጪ ለራሱ ሳንባ ካልተጠነቀቀ ለእናንተ ጣሪያ ይጠነቀቃል ብዬ አላምንም።

ጄኔሬተር ይዞ እንደሚመጣም አስቀድማችሁ ጠይቁ። ፈሳሾቹ መሞቅ አለባቸው፤ መሃል ላይ መብራት ጠፍቶ ማሽኑና ቱቦው ከቀዘቀዙ ድብልቁ ይዛባል። የተዛባ ድብልቅ ወይ ለስላሳና የሚያጣብቅ፣ ወይ የሚሰባበር ይሆናል፤ የዓሣ ዓይነት ሽታውም ለወራት ላይለቅ ይችላል። ስለዚህ ጣሪያው ላይ ከመጀመሩ በፊት ካርቶን ላይ ትንሽ ይርጭ፤ ሲበርድ በቢላ ቁረጡት። እኩል፣ የማያጣብቅ፣ የማይፈረፈር መሆን አለበት።

ጠዋት በጤዛ ላይ አይጀመር፤ ቆርቆሮው ፀሐይ አግኝቶ እስኪደርቅ፣ ከሦስት ሰዓት በኋላ ይሁን። ዝግ ፎም በአንድ ጊዜ ከ5 ሴንቲ ሜትር በላይ አይረጭም። ፎሙ ሲያብጥ ሙቀት ያመነጫል፤ በችኮላ የተከመረ ፎም ውስጡ ሊከስል፣ ከባሰም እሳት ሊያስነሳ ይችላል። ወፍራም የፈለገ ሰው የመጀመሪያው እስኪበርድ ጠብቆ ይደርብ።

ቢያንስ 24 ሰዓት በርና መስኮት ተከፍቶ ቤቱ ይናፈስ። አስም ያለበት ሰው ወይም ሕፃን ካለ ከዚያም በላይ ቆዩ። ሽታው ካልጠፋ አትግቡ።

6. ከሰሉ

ይህንን ረጪዎቹ አይነግሯችሁም። እስከ ዛሬ በክፍክፉ ሥር የሚገባው ነፋስ ቢያበርዳችሁም የከሰሉን ጋዝ ይዞላችሁ ይወጣ ነበር። ፎሙ ያንን መንገድ ዘጋው። ከሰል ሲነድ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፤ ከሰሉ አመድ ለብሶ ጭሱ ካለቀ በኋላም ይወጣል። ከአዊ በኩል የሚመጣው የዲከረንስ ዛፍ ከሰል ጭስ የለውም ብሎ መኝታ ቤት ማስገባት ያው ሞት ነው።

ስለዚህ ፊት ለፊት በተያዩ ሁለት ግድግዳዎች ላይ ወንፊት ሽቦ ያላቸው፣ የማይዘጉ የአየር ቀዳዳዎች ይኑሩ። ቡና የሚፈላው በር ተከፍቶ ይሁን፤ ማንደጃው ቡናው ሲያልቅ ይውጣ። ማድ ቤት ውስጥ ፎም አታስረጩ።

ፎም ይቃጠላል፤ ጭሱም መርዛማ ነው። ሰው በሚኖርበት ክፍል በኩል ተራቁቶ መቅረት የለበትም፤ 12.5 ሚሊ ሜትር ጂፕሰም ቦርድ ይሸፍነው። በክፍክፉ በኩል ፀሐይ የሚያገኘው ፎም ደግሞ ቢጫ ይሆንና ይፈረፈራል፤ ቀለም ይቀባ።

7. ለክቶ መክፈል

ዋጋው በካሬና በውፍረት ነው። ካሬው በዝርግ ይሁን ወይስ የቆርቆሮው እጥፋት ተቆጥሮ፣ ከመጀመሩ በፊት በወረቀት ይጻፍ። ሲያልቅ ቀጭን ሽቦ ይዛችሁ ጥግ ጥጉንና መሃሉን ውጉ፤ ሽቦው ቆርቆሮ እስኪነካ የገባውን ለኩ። ረጪ መሃሉን አወፍሮ ጥጉን ማሳሳት ይቀናዋል፤ ጥጉ ለማሽን የማይመች ቦታ ስለሆነ።

ባዶውን በርሜል “እዚህ እንተውላችሁ” ቢሏችሁ እንቢ በሉ። ለውሃም፣ ለእህልም፣ ለጠላ ጥንስስም አይሆንም፤ ታጥቦም አይሆንም። አይሶሳያኔቱ የነበረበት በርሜል ደግሞ ውስጡ ውሃ ገብቶ ከተከደነ ጋዝ እያመነጨ ይነፋና ሊፈነዳ ይችላል። ይዘውት ይሂዱ፤ ይህም ከሒሳቡ በፊት በወረቀቱ ላይ ይግባ።