የጎጃምን ሰማይ እንዴት እንሳል? በእግር፣ በስልክና በውኃ ቀለም

ሰማይ ሳሉ ስንባል ብዙዎቻችን የምናደርገው አንድ ነው። ሰማያዊ ቀለም አንስተን ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች እንለቀልቀዋለን። ቋንቋችን ራሱ ያሳስተናል። ቀለሙን በሰማይ ስም ስለጠራነው ሰማይ አንድ ቀለም ይመስለናል። እኔም ለዓመታት እንደዚያ ነው የሳልኩት። በየቀኑ እየተራመድኩ ማየት ስጀምር ግን ከአናቴ በላይ ያለውና ከአድማሱ አጠገብ ያለው ጨርሶ እንደማይመሳሰሉ ገባኝ።

አሠራሩ ይህ ነው፦ የደመናውን ቅርጽ ለስልካችሁ ተዉለት። ቀለሙን ግን በዓይናችሁ ያዙና በቃላት ጻፉት።

ዕቃ

ስልክ፣ እርሳስ፣ ኪስ የምትገባ ደብተር፣ የውኃ ቀለም፣ አንድ ሰፊና አንድ ቀጭን ብሩሽ፣ የወረቀት ፕላስተር፣ ሶፍት። ቀለሙ ከጽሕፈት መሣሪያ መደብር የተገዛ የተማሪ ቀለም ቢሆንም ይበቃል። ወረቀቱ ላይ ግን አትቆጥቡ። ስስ ወረቀት ውኃ ሲነካው ይጨማደድና ሥራውን ሁሉ ያበላሽባችኋል።

መንገዱን ምረጡ

አንድ መንገድ ያዙ፤ ቢያንስ ለሁለት ሳምንት በዚያው ሰዓት ተመላለሱበት። ባሕር ዳር ላላችሁ የኔ ምርጫ የዓባይን ድልድይ ተሻግሮ ቤዛዊት ኮረብታ መውጣት ነው። ከተማው፣ ዓባይና ጣና ከሥር ይታያሉ፤ ጀንበሯም በከተማው በኩል ትጠልቃለች። ካሜራችሁን ወደ ሰማይ ብቻ አቅኑ። ድልድዩንና ኮረብታው ላይ ያለውን ቤተ መንግሥት ፎቶ ማንሳት ከጥበቃ ጋር ያነታርካል። ደብረ ማርቆስ ያላችሁ ደግሞ ጮቄ የሚታይበት ገላጣ ቦታ ፈልጉ። ተራራው ከ4,000 ሜትር በላይ ስለሆነ ደመና ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚሰበሰበው እዚያ ነው። የትም ብትሄዱ መንገዱ ሰላም መሆኑን አስቀድማችሁ ጠይቁ።

11፡30 ላይ ቦታችሁ ላይ ሁኑ። እኛ ጋ ጀንበር ቀጥ ብላ ነው የምትወርደው። ከጠለቀች በኋላ ጥሩው ብርሃን የሚቆየው 20 ደቂቃ ገደማ ነው።

መጀመሪያ እዩ፣ ከዚያ ጻፉ

ለአምስት ደቂቃ ስልኩን ከኪስ አታውጡ። ክንዳችሁን ዘርግታችሁ ጭብጣችሁን አድማሱ ላይ አስቀምጡ። አንድ ጭብጥ 10 ዲግሪ ያህል ነው። በጭብጥ በጭብጥ እየለካችሁ ወደ ላይ ውጡና በየደረጃው ያያችሁትን ቀለም ጻፉ።

«ሰማያዊ» ብላችሁ አትጻፉ። ከቤትና ከገበያ በምታውቁት ነገር ሰይሙት። እኔ ባለፈው ነሐሴ ዝናብ ካባራ በኋላ የጻፍኩት ይኸው፦ «አድማሱ ላይ፣ እርድ የገባበት ቅቤ። አንድ ጭብጥ ከፍ ብሎ፣ የአምባዛ ጀርባ። ከዚያ በላይ ሦስት ጭብጥ፣ የምድጃ አመድ። አናት ላይ ትንሽ ክፍተት፣ ጥልቅ ሰማያዊ።» (አናት ላይ ሲሆን እኔም ሌላ ቃል አላገኘሁለትም።)

ማታ ቤት ገብቼ ፎቶውን ከፈትኩት። እርዱ የለም! ቢጫው ታጥቦ ግራጫ ሆኗል። ስልክ ብርሃኑን በራሱ እየገመተ ቢጫና ቀይ የበዛበትን «ያስተካክላል»። ደብተሬ ባይኖር ያን ምሽት አጥቼው ነበር።

የማርያም መቀነት ከወጣች ደግሞ አንድ ነገር ልብ በሉ። ከቀስቱ ውስጥ ያለው ሰማይ ከውጪው ይልቅ ፈካ ይላል። ይህን ያልሳለ ሰው ቀስቱን በባዶ ወረቀት ላይ እንደለጠፈ ይሆንበታል።

ፎቶ

ስክሪኑ ላይ የደመናውን ደማቅ ጠርዝ ንኩና የደመናው ዝርዝር እስኪታይ ብርሃኑን ወደ ታች ሳቡ። መሬቱ ቢጨልም ግድ የለም። ስልካችሁ ፕሮ ሞድ (ካሜራውን በእጅ የምታስተካክሉበት ክፍል) ካለው የብርሃኑን ቀለም (WB የሚለውን) 5,500 ኬልቪን አካባቢ አድርጉት፤ ኬልቪን የብርሃን ቀለም መለኪያ ነው፤ የራሱን ግምት ይተዋል። ፊልተር አትንኩ። ፀሐይዋን በዓይናችሁ ትክ ብላችሁ አትዩ። ከሥር ቀጭን የመሬት መስመር አስገቡ፤ ሰማዩ ምን ያህል ትልቅ እንደሆነ የሚታወቀው በሱ ነው።

ቀለም

ወረቀቱን በአራቱም ጠርዝ ሰሌዳ ላይ በፕላስተር ለጥፉ። ሰሌዳውን ከላይ በኩል በመጽሐፍ ከፍ አድርጉት። በሰፊው ብሩሽ ንጹሕ ውኃ ቀቡ። ከዚያ ሰማያዊውን ከላይ ጠንከር አድርጋችሁ ጀምሩና ወደ ታች ስትወርዱ ውኃ ብቻ እየጨመራችሁ አሳሱት። በተጣራ ቀን ሰማይ አናት ላይ ይጠቁራል፣ አድማስ ላይ ይነጣል፤ ዓይናችን ወደ አድማስ ሲያይ ብዙ አየር አቋርጦ ነውና።

ነጭ ቀለም አትጠቀሙ። ደመናው ወረቀቱ ራሱ ነው። ቀለሙ ሳይደርቅ በተጨማደደ ሶፍት ጫን እያላችሁ አንሱት። አንዴ ከነካችሁ ተዉት፤ የሚደጋገም እጅ ደመናውን ያቆሽሸዋል። ለጥላው ጥቁር አትግዙ። ሰማያዊና ቡናማ ሲቀላቀሉ የሚወጣው ግራጫ የክረምት ደመና ሆድ ነው። የደመናው ሆድ ጠፍጣፋ መሆኑንና ወደ አድማስ ሲርቅ እያነሰ መሄዱን ፎቶው ያሳያችኋል፤ እዚህ ላይ እመኑት።

ትልቁ ወጥመድ ምሽት ሲሳል ይመጣል። ቢጫው እርጥብ ሰማያዊ ከነካ አረንጓዴ ይወጣል። ስለዚህ ሰማያዊውን አድርቁ፣ ወይም በሁለቱ መሃል በጣም የሳሳ ቀይ አስገቡ። ክረምት ላይ ወረቀት ቶሎ አይደርቅም፤ ታገሡ። መጋቢት ላይ ደግሞ ገና ብሩሹን ሳታነሱ ይደርቅባችኋል፤ ወረቀቱን ሁለቴ አርጥቡት።

በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ እንግሊዛዊው ሠዓሊ ጆን ኮንስታብል ደመና ሲስል ቀኑን፣ ሰዓቱንና ነፋሱን ከሥዕሉ ጀርባ ይጽፍ ነበር። እናንተም በእርሳስ ጻፉ። የኔ የነሐሴው ሥዕል ጀርባ እንዲህ ይላል፦ «ነሐሴ 9፣ 12፡10፣ ዝናብ አባርቷል፣ ነፋስ ከሐይቁ፣ እርዱ አንሷል፤ ነገ እንደገና።»