ሊኑክስ ላይ ብሮውዘር ሲንቀራፈፍ፦ ፎርማት ከማድረጋችሁ በፊት

ደሴ ላይ የጽሕፈትና ኮፒ ቤት የምትሠሩ፣ ኮምቦልቻ ወይም ወልድያ ቤታችሁ አሮጌ ዴስክቶፕ ያላችሁ፣ ወደ ሊኑክስ የዞራችሁ ጥቂት አይደላችሁም። ምክንያቱም ይገባኛል። የዊንዶውስ 10 ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ አሮጌ ማሽን አይቀበልም። ሊኑክስ ሚንት ወይም ኡቡንቱ ሲጫንበት ማሽኑ ነፍስ ይዘራል። ከዚያ ፋየርፎክስ ወይም ክሮም ይከፈትና መንቀራፈፍ ይጀምራል። ያኔ ሁለት ፍርድ ይሰማል፤ «ኔትወርኩ ነው» ወይም «ሊኑክስ አይሆንም፣ ፎርማት አድርገው»።

ሁለቱም ችኮላ ነው። ብሮውዘር የሚዘገየው አንድ ነገር ሲጠብቅ ነው። የሚጠብቀው ኔትወርክ ሊሆን ይችላል፣ ራም (ማሽኑ የተከፈቱ ነገሮችን ለጊዜው የሚይዝበት ሜሞሪ) ሊሆን ይችላል፣ ዲስክ ወይም ግራፊክስም ሊሆን ይችላል። ምን እንደሚጠብቅ ደግሞ ምልክቱ ይናገራል። ፎርማት ማድረግ የጠበበ ራም አያሰፋም፣ የሚሞት ዲስክም አያድንም። አብሽሩ፣ አብዛኛው ችግር አምስት ሳንቲም ሳይወጣበት ይስተካከላል።

መጀመሪያ ኔትወርኩን ከማሽኑ ለዩ

የብሮውዘሩን ሴቲንግ ክፈቱና ወደ ላይ ወደ ታች አንሸራትቱት። ይህ ገጽ ከኢንተርኔት አይመጣም፣ እዚያው ማሽኑ ውስጥ ያለ ነው። እሱም ከተጎተተ ኔትወርኩን በከንቱ አትማረሩ፣ ችግሩ ማሽኑ ላይ ነው። ሴቲንጉ ቀልጠፍ ብሎ ዌብሳይቶች ብቻ ከዘገዩ ግን ኔትወርኩን ጠርጥሩ። በዚሁ ዋይፋይ ላይ ያለ ስልክ ያንኑ ገጽ እንዴት እንደሚከፍት ማየትም ይረዳል። ስልኩ ቶሎ ከፍቶ ዴስክቶፑ ካልከፈተ ነገሩ ወደ ማሽኑ ያደላል።

«መጀመሪያ ጥሩ ነበር፣ ቆይቶ ስታክ አደረገ»

ይሄ ከሁሉም የበዛው ነው። ሲከፈት ደህና ይሄዳል። ታብ ሲጨመርበት መጎተት ይጀምራል። በመጨረሻ ማውሱ ራሱ ይቆማል። በዚህ ሰዓት ማያውን ተዉትና የሲስተም ዩኒቱን ፊት ተመልከቱ። የዲስክዋ ትንሽ መብራት ብልጭ ድርግም ማለቷን ትታ ደምቃ ከቆመች፣ ጆሯችሁን ስታስጠጉም ዲስኩ ሳያቋርጥ ኩርፍ ኩርፍ ካለ፣ ምክንያቱ ተገኘ ማለት ነው። ራሙ ሞልቶ ማሽኑ ስዋፕ ላይ ወድቋል።

ስዋፕ ማለት ራም ሲሞላ ሊኑክስ የተወሰነውን መረጃ ወደ ዲስክ የሚያሸጋግርበት ቦታ ነው። ቤት ሲጠብ ድስቱን ጎረቤት እንደማስቀመጥ ነው፤ ወጥ በተሠራ ቁጥር አጥር መዝለል ይመጣል። የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ ከራም ጋር ሲተያይ እጅግ ቀርፋፋ ስለሆነ ሁሉም ነገር እሱን ቆሞ ይጠብቃል።

4 ጊጋ ራም ለምን አልበቃ አለ? ክሮም ከ2018፣ ፋየርፎክስ ደግሞ ከ2021 መጨረሻ ጀምሮ (ሁለቱም በፈረንጆች) እያንዳንዱን ዌብሳይት በተለየ ፕሮሰስ ያስኬዱታል። አንዱ ሳይት የሌላውን መረጃ እንዳይሰርቅ ነው፣ ስለዚህ ይህን ለማጥፋት አትሞክሩ። ዋጋው ግን ራም ነው። ቴሌግራም ዌብ፣ ጂሜይል፣ ፌስቡክና አንድ ዩቲዩብ አብረው ከተከፈቱ 4 ጊጋ ያልቃል።

ለማረጋገጥ ሲስተም ሞኒተርን ክፈቱና ሪሶርስስ የሚለውን እዩ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ሊኑክስ ሥራ የፈታ ራም ስለማይወድ ቀድሞ ያነበባቸውን ፋይሎች በካሽ ይይዝበታል። ስለዚህ «ፍሪ» የሚለው ቁጥር ማነሱ ችግር አይደለም። ተርሚናል (ትእዛዝ የሚጻፍበት መስኮት) ላይ «free -h» ብላችሁ የምታዩ ከሆነ «አቬይለብል» የሚለውን ተመልከቱ። እሱ ወደ ዜሮ ከቀረበና ስዋፑ እየጨመረ ከሄደ ግን አዎ፣ ራም አልቋል።

መፍትሄው ከቀላሉ ይጀምራል። ክሮም ላይ ሺፍትና ኢስኬፕን አብራችሁ ስትጫኑ የራሱ ታስክ ማኔጀር ይመጣል። ፋየርፎክስ ላይ ሜኑ፣ ሞር ቱልስ፣ ታስክ ማኔጀር ነው። የትኛው ታብ ስንት ሜጋ እንደበላ በስም ይዘረዝርላችኋል። አልጠግብ ባዩን ዝጉት። ታቡ እንዲጠፋ ካልፈለጋችሁ ክሮም ሴቲንግ ውስጥ ፐርፎርማንስ ገብታችሁ ሜሞሪ ሴቨርን አብሩ። የማትነኩት ታብ ራሙን ይለቃል፣ ስትመለሱበት እንደገና ይጫናል። ፋየርፎክስም በቅርብ ቨርዥኖቹ ታቡን በቀኝ ክሊክ ስትነኩት «አንሎድ ታብ» የሚል ምርጫ ያወጣል።

ሁለተኛው እርምጃ ዚራም ነው። እኔ በ4 ጊጋ ማሽን ላይ ያለ እሱ መሥራት አልመክርም። ዚራም ስዋፑን ወደ ዲስክ በመላክ ፋንታ መረጃውን እዚያው ራም ውስጥ ጨምቆ ያስቀምጠዋል። ፌዶራ ከ2020 ጀምሮ አብሮት እንዲመጣ አድርጓል። ኡቡንቱና ሚንት ላይ ከሶፍትዌር ማከማቻው «ዚራም ቱልስ» የሚባለውን ፓኬጅ መጫን ይቻላል። ሲፒዩውን (ፕሮሰሰሩን) ትንሽ ያሠራዋል እንጂ ዲስኩን ከመጠበቅ እጅግ ይሻላል።

«የሚቆየው ሲከፈት ብቻ ነው»

ማሽኑ እንደተነሳ ፋየርፎክስን ስትነኩት ረጅም ጊዜ ምንም አይመጣም። አንዴ ከተከፈተ በኋላ ግን ደህና ነው። ኡቡንቱ 22.04 ወይም ከዚያ በኋላ የወጣ ከሆነ ተጠርጣሪው ስናፕ የሚባለው የኡቡንቱ የፕሮግራም መጫኛ ዘዴ ነው። በስናፕ የመጣ ፕሮግራም በታመቀ ፋይል ውስጥ ነው የሚቀመጠው፣ ሲነሳ መፈታት አለበት። ኤስኤስዲ (የማይሽከረከር ፈጣን ዲስክ) ላይ ብዙም አይታወቅም። አሮጌ ሃርድ ዲስክ ላይ ግን ያስመርራል።

የፋየርፎክስ ባለቤት ሞዚላ ራሱ ያዘጋጀው የዴብ (የተለመደው የኡቡንቱና የሚንት ፓኬጅ ዓይነት) ማከማቻ አለ፣ ከዚያ መጫን ይቻላል። ሁለት ነገር ልብ በሉ። አንደኛ፣ የስናፑ ፋየርፎክስ ቡክማርክና ፓስወርድ የሚያስቀምጠው ሌላ ቦታ ስለሆነ ከማጥፋታችሁ በፊት ኤክስፖርት አድርጉ። ሁለተኛ፣ ሞዚላ መመሪያው ላይ የጻፈውን የቅድሚያ ማስተካከያ አትዝለሉ። ከዘለላችሁት ኡቡንቱ ስናፑን መልሶ ያስገባዋል። ሊኑክስ ሚንት ተጠቃሚዎች ይህን ክፍል እለፉት፣ የእናንተ ከመጀመሪያውም ዴብ ነው።

«ቪዲዮ ይቆራረጣል፣ ፋኑም ይጮኻል»

ጽሑፍ ያለበት ገጽ ደህና ይሄዳል። ቪዲዮ ሲከፈት ወይም ገጹ በፍጥነት ሲንሸራተት ግን ምስሉ ይሰነጠቃል፣ ፋኑ ይጮኻል፣ ሲፒዩው 100 በመቶ ይደርሳል። ይህ ሲሆን ብዙ ጊዜ ግራፊክስ ካርዱ ተኝቶ ሲፒዩው የሱን ሥራ እየሠራለት ነው።

ፋየርፎክስ ላይ ሄልፕ ውስጥ «ሞር ትራብልሹቲንግ ኢንፎርሜሽን» የሚለውን ክፈቱ። ግራፊክስ ከሚለው ርዕስ ሥር «ኮምፖዚቲንግ» የሚል መስመር አለ። ከፊቱ «ዌብሬንደር» ብቻ ካለ ደህና ነው። «ሶፍትዌር» የሚል ቃል ከተጨመረበት ግን ግራፊክስ ካርዱ አልሠራም። ኤንቪዲያ ካርድ ከሆነ ሚንት ላይ ድራይቨር ማኔጀር፣ ኡቡንቱ ላይ አዲሽናል ድራይቨርስ ከፍታችሁ ሪኮመንድድ የተባለውን ጫኑና ሪስታርት አድርጉ። ለኢንቴልና ለኤኤምዲ ድራይቨሩ ከሊኑክሱ ጋር አብሮ ይመጣል። ብዙ ጊዜ ሲስተሙን አፕዴት ማድረግና ብሮውዘሩ ሴቲንግ ውስጥ ሃርድዌር አክሰለሬሽን አለመጥፋቱን ማየት ይበቃል።

ይህ ሁሉ ደህና ሆኖ ዩቲዩብ ብቻ ካስቸገረ ምክንያቱ የቪዲዮው ዓይነት ነው። ዩቲዩብ ቪፒ9 እና ኤቪ1 በሚባሉ አዳዲስ ቅርጾች ይልካል። የኢንቴል 7ኛ ትውልድ ከመምጣቱ በፊት የተሠሩ ፕሮሰሰሮች ቪፒ9ን በሃርድዌር ሙሉ ለሙሉ አይፈቱም። ዩቲዩብ በቀድሞው ኤች264 እንዲልክ የሚያደርጉ ኤክስቴንሽኖች አሉ፣ ለአሮጌ ማሽን ትልቅ እፎይታ ናቸው። ካልሆነ ጥራቱን ወደ 480 አውርዱት። ለትምህርት ቪዲዮ ይበቃል፣ ፓኬጅም ይቆጥባል።

ሙቀትንም አትርሱ። ደሴ ብርዱ ለኮምፒውተር ይመቻል። ያው ማሽን ሐረጎን ወርዶ ኮምቦልቻ ሲገባ፣ ወይም ባቲ ድረስ ሲሄድ፣ ከሰዓት በኋላ ሌላ ማሽን ይሆናል። ሲፒዩ ሲግል ራሱን ላለማቃጠል ፍጥነቱን ይቀንሳል። ጠዋት ደህና የነበረው ቀትር ላይ የሚንቀራፈፍ ከሆነ አጥፉት፣ ከመብራት ንቀሉት፣ ክዳኑን ክፈቱና ፋኑ ላይ የተጋገረውን አቧራ በለስላሳ ብሩሽ አጽዱ። ስታጸዱ ፋኑን በጣታችሁ ያዙት፣ እንዳይሽከረከር። ሲፒዩው ላይ ያለው ሙቀት አስተላላፊ ቅባት (ፔስት) ደርቆ ከተሰነጣጠቀም መቀየር አለበት።

«ገጹ ነጭ ሆኖ ይቆያል፣ ከዚያ ባንዴ ይመጣል»

ብሮውዘሩ ታች ጥግ ላይ «ሉኪንግ አፕ» የሚል ጽሑፍ ከቆየ የዘገየው ዲኤንኤስ ነው። የሳይቱን ስም ወደ ቁጥር አድራሻ የሚቀይረው አገልግሎት ማለት ነው። ኔትወርክ ሴቲንግ ውስጥ አይፒቪ4 ገብታችሁ ዲኤንኤሱን ከአውቶማቲክ አውጡና 1.1.1.1 እና 8.8.8.8 ጻፉ። ግንኙነቱን አጥፍታችሁ አብሩት።

በስልክ ሆትስፖት የምትጠቀሙ ደግሞ እዚያው ሴቲንግ ላይ «ሚተርድ» የሚለውን ምርጫ አብሩ። ከበስተጀርባ የሚወርዱ አፕዴቶችን ይቀንሳል። ብሮውዘሩ የሚንቀራፈፈው አንዳንዴ ሲስተሙ ኔቱን ለአፕዴት ስለወሰደበት ብቻ ነው።

«መብራት ሄዶ ከመጣ ወዲህ አልተስተካከለም»

ዩፒኤስ የሌለው ዴስክቶፕ መብራት ሲሄድ በአንድ ጊዜ ነው ድርግም የሚለው። ፋየርፎክስ ያኔ ታሪክና ቡክማርክ እየጻፈ ከነበረ ዳታቤዙ ሊበላሽ ይችላል። ቀደም ሲል በጠቀስኩት የትራብልሹቲንግ ገጽ ላይ ወደ ታች ስትወርዱ «ፕሌስስ ዳታቤዝ» ይላል። «ቬሪፋይ ኢንተግሪቲ» የሚለውን ተጫኑት። ካልረዳ እዚያው ገጽ ላይ «ሪፍሬሽ ፋየርፎክስ» አለ። ቡክማርክና ፓስወርድ ይተርፋል፣ ኤክስቴንሽኖች ግን ይጠፋሉ።

ዲስኩንም ፈትሹ። ዲስክስ የሚባለውን ፕሮግራም ክፈቱና ስማርት ዳታ የሚለውን እዩ። «ሪአሎኬትድ ሴክተር» (ተበላሽተው በሌላ የተተኩ የዲስኩ ክፍሎች ቁጥር) ከዜሮ ተነስቶ እየጨመረ ከሄደ ዲስኩ እየሞተ ነው። ሌላውን ሁሉ ተዉትና የደንበኛ ሰነድ፣ የተማሪ መመረቂያ ጽሑፍ፣ የቤተሰብ ፎቶ፣ ያለውን ሁሉ ዛሬውኑ ወደ ሌላ ዲስክ ገልብጡ።

ሦስተኛው ደግሞ ሰዓቱ ነው። ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ክብ ባትሪ፣ ሲአር2032 የምትባለው፣ ስትሞት መብራት በጠፋ ቁጥር ቀኑ ወደ ኋላ ይመለሳል። ከዚያ ሳይቶች አልከፈት ይላሉ፣ «ግንኙነታችሁ አስተማማኝ አይደለም» የሚል ማስጠንቀቂያ ይመጣል። ይህን ለማስተካከል ብሎ በኛ አቆጣጠር 2018 ብሎ የሚሞላ አለ። ያ ማሽኑን ሰባት ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ይመልሰዋል። የሳይቶቹ ሰርተፍኬት ደግሞ በዚያ ቀን ገና አልተሰጠም። ሰዓቱንም እንደዚያው፤ ጠዋት ሁለት ሰዓት ለኮምፒውተሩ 8 ነው። ቀኑን በፈረንጆች ሙሉት፣ የሰዓት ክልሉን አዲስ አበባ አድርጉ፣ አውቶማቲኩን አብሩ፣ ባትሪዋን ቀይሩ።

«ምንም አላገኘሁም፣ ግን ቀርፋፋ ነው»

ኤክስቴንሽኖቹን ተመልከቱ። ፋየርፎክስ ላይ ሄልፕ ውስጥ ትራብልሹት ሞድ አለ፣ ኤክስቴንሽኖችን ለጊዜው አጥፍቶ ይከፍተዋል። ያኔ ከፈጠነ አንድ በአንድ እያበራችሁ ጥፋተኛውን ያዙ። ሁለት ማስታወቂያ ማገጃ አብሮ መጫን አይጠቅምም፣ አንድ በቂ ነው። ፋየርፎክስ ላይ ዩብሎክ ኦሪጅንን እመርጣለሁ፤ ማስታወቂያው ሳይወርድ ስለሚቀር ራምም ፓኬጅም ይተርፋል። ነፃ ቪፒኤንና ቪዲዮ ማውረጃ ነን የሚሉትን ግን አውጡ።

እሱም ካልሆነ ማሽኑ ላይ አዲስ ዩዘር ፍጠሩና በሱ ግቡ። እዚያ ከፈጠነ ችግሩ የእናንተ ፎልደር ውስጥ ያለ ሴቲንግ ነው፣ ሊኑክሱ ጤነኛ ነው። እዚያም ከዘገየ ብዙ ጊዜ የሃርድዌር ጉዳይ ነው፣ ገንዘብ ይጠይቃል። 4 ጊጋ ራም ያለው መጀመሪያ ራም ይጨምር። 8 ጊጋ ኖሮት ሃርድ ዲስክ ላይ ያለ ደግሞ ኤስኤስዲ ይግዛ። ራም ስትገዙ ዲዲአር3 ይሁን ዲዲአር4 የድሮውን ነቅላችሁ ይዛችሁ ሂዱ፣ የላፕቶፕ ራም ዴስክቶፕ ላይ አይገባም።