መሪዎች «ከሠራዊታችን ጎን ነን» ሲሉ ንግግራቸውን እንዴት እንመዝን?

ልጁን ወደ ግንባር የሸኘ ወላጅ አንድ መሪ «ከሠራዊታችን ጎን ነን» ሲል ሰምቶ ልቡ ቢረጋጋ አይፈረድበትም። ሆኖም ይህ አነጋገር ሦስት የተለያዩ ጉዳዮችን ጠቅልሎ ሊይዝ ይችላል፤ አንደኛው ለወታደሩ ሕይወትና ኑሮ ማሰብ፣ ሁለተኛው ጦርነቱን መደገፍ፣ ሦስተኛው ደግሞ ወታደሩ ላደረገው ሁሉ ከለላ መስጠት ነው። ስለዚህ ንግግሩን በጽሑፍ ያግኙና «ድጋፍ» ወይም «ክብር» የሚል ቃል በመጣ ቁጥር ከሦስቱ የትኛው እንደሆነ በኅዳጉ ላይ ይጻፉ። ሦስተኛው ከመጀመሪያው ጋር ተቀላቅሎ የቀረበበትን ቦታ ደግመው ያንብቡ፤ ብዙ ጥፋት የሚሸፈነው እዚያ ላይ ነው።

ቀጥለው የተደገፈው የትኛው ወታደር እንደሆነ ይጠይቁ። ለዚህ ጥያቄ በቬትናም ጦርነት ጊዜ በማይ ላይ መንደር ከተፈጸመው የበለጠ የሚያስተምር ታሪክ አላውቅም። እ.ኤ.አ. ማርች 16 ቀን 1968 የአሜሪካ ወታደሮች በዚያ መንደር መሣሪያ ያልያዙ ሴቶችን፣ ሽማግሌዎችንና ሕፃናትን ገደሉ፤ የሟቾቹን ቁጥር የአሜሪካ ጦር 347፣ ቬትናም ደግሞ 504 አድርገው መዝግበውታል። ሂዩ ቶምፕሰን የተባለ የሄሊኮፕተር አብራሪ እልቂቱን ከአየር ላይ ሲመለከት በወታደሮቹና በሚሸሹት መንደርተኞች መካከል አረፈ፤ ወታደሮቹ በመንደርተኞቹ ላይ ከተኮሱ አብረውት የነበሩት ሁለት ባልደረቦቹ አጸፋውን እንዲመልሱ አዝዞ ሰዎቹን ከስፍራው አስወጣ። ሬሳ ከሞላበት ቦይ ውስጥም አንድ ሕፃን በሕይወት ተገኝቶ ተወሰደ።

ፖለቲከኞቹ ከማን ጎን ቆሙ? የአሜሪካ የተወካዮች ምክር ቤት የጦር ኃይሎች ኮሚቴ ሊቀ መንበር የነበሩት ሜንደል ሪቨርስ መቀጣት ያለበት ካለ ቶምፕሰን ነው እስከ ማለት ደረሱ። እ.ኤ.አ. በ1971 ከገዳዮቹ አንዱ የነበረው መቶ አለቃ ዊሊያም ካሊ ቢያንስ 22 ሰላማዊ ሰዎችን በመግደል ተፈርዶበት የዕድሜ ልክ እስራት ሲወሰንበት፣ ፕሬዚዳንት ኒክሰን በማግሥቱ ከወህኒ ወጥቶ በመኖሪያ ቤቱ በቁም እስር እንዲቆይ አዘዙ። ዐቃቤ ሕጉ ሻምበል ኦብሪ ዳንኤል የአገሪቱ መሪዎች የጉዳዩን የሞራል ክብደት አለማየታቸውን በመውቀስ ለፕሬዚዳንቱ ደብዳቤ ጻፈ። ቶምፕሰን ለዚያ ቀን ሥራው የሚገባውን ሜዳይ ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1998 ነው፤ ከሠላሳ ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። ቶምፕሰንም ካሊም የአንድ አገር መለዮ ለባሾች ነበሩ፤ ሕጉን ያከበረውን ሠላሳ ዓመት ያስጠበቀ አሠራር ሠራዊቱን ደግፏል ለማለት እኔ ፈጽሞ አልችልም።

ከዚያ በኋላ ንግግሩ ስለ ምርኮኛና ስለ ሰላማዊ ሰው ምን እንደሚል ይፈልጉ። ወደ ጦርነት ለመግባት በቂ ምክንያት መኖሩ አንድ ጥያቄ ነው፤ ውጊያው እንዴት እንደሚካሄድ ሌላ ጥያቄ ነው፤ የመጀመሪያው መልስ ሁለተኛውን አይተካም። አራቱ እ.ኤ.አ. የ1949 የጄኔቫ ስምምነቶች የሚጋሩት አንቀጽ 3 በአንድ አገር ውስጥ በሚደረግ ጦርነትም ጭምር የቆሰለ፣ የተማረከና መሣሪያውን ያስቀመጠ ሰው በሰብአዊነት እንዲያዝ ያስገድዳል። መሪው ይህን ሳይጠቅስ ጠላት ያለውን ወገን ከሰው ተራ በሚያወጣ ስም ከጠራ፣ በኬላ ላይ የቆመው የሃያ ዓመት ወታደር ያን ቃል እንደ ትእዛዝ ሊሰማው እንደሚችል አይርሱ።

በመጨረሻ ቃሉን ከስንቁ ጋር ያስተያዩ። በጥር 1966 ዓ.ም. በነገሌ ቦረና የውኃ መሳቢያቸው የተበላሸባቸው ወታደሮች ከመኮንኖቹ ውኃ እንዳይጠቀሙ ሲከለከሉ አመፁ፤ ጉዳዩን እንዲያጣሩ የተላኩትን ሌተና ጄኔራል ደረሰ ዱባለን አግተው እነርሱ የሚበሉትን እንዲበሉ፣ የሚጠጡትንም እንዲጠጡ አደረጓቸው። ከቤተ መንግሥት ይነገር የነበረው ምስጋና ወታደሮቹ ይጠጡት ከነበረው ውኃ ጋር ሲተያይ ምን ያህል እንደሚመዝን ለመረዳት ሌላ መለኪያ አያስፈልግም ነበር። እርስዎም የንግግሩን ቀን መዝግበው ያቆዩና ከጥቂት ወራት በኋላ ከሠፈርዎ ቆስሎ የተመለሰ ወታደር ካለ ሕክምናው በማን እንደተሸፈነ፣ የጡረታ ወረቀቱ ተፈርሞ እንደሆነ፣ የሞተበት ጓደኛው ቤተሰብ መርዶውን ከማን እንደሰማ በአክብሮት ይጠይቁት።