ሰኔ ላይ ዝም የሚል ጣቢያ፦ ችግርና መፍትሄ

በአንታርክቲካ በመክመርዶ ደረቅ ሸለቆዎች የረጅም ጊዜ የሥነ ምህዳር ክትትል ከተጀመረ (እ.ኤ.አ. 1993) ሠላሳ ዓመት አልፎታል። መዝገቡን የሚሞሉት ያለ ሰው በፀሐይና በባትሪ የሚሠሩ የአየር ሁኔታ ጣቢያዎች ናቸው፤ እንዲህ ያለ መዝገብ ላይ ሁለት ወር ከጎደለ ማንም መልሶ አይሞላውም።

ዳታው ሰኔ ላይ ይቋረጣል፣ መስከረም ላይ በራሱ ይመለሳል

ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠረጥረው ዳታ ሎገሩን (ልኬቱን የሚመዘግበውን መሣሪያ) ነው። ተዉት! ሎገር ደጋግሞ የቀየረ ቡድን አይቻለሁ፤ ጥፋቱ የባትሪው ነበር። ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ነሐሴ አጋማሽ ፀሐይ አትወጣም። ተራራ የከለለው ጣቢያማ ከዚያም በላይ ይጠብቃል። ሊድ አሲድ ባትሪ በ-20 ዲግሪ ከአቅሙ ግማሽ ገደማውን ያጣል፤ እዚያ ደግሞ ብርዱ አንዳንዴ ከ-40 በታች ይወርዳል።

የባትሪውን ቮልቴጅ ግራፍ ክፈቱ። ሚያዝያ መጀመሪያ ላይ በየቀኑ ከፍ ዝቅ የሚል ጥርስ አለው፤ የፀሐይ ፓነሉ እየሞላው ነው። ከዚያ ጥርሱ ይጠፋል። መስመሩ ከ12.6 ቮልት ቀስ እያለ ወደ 11.8 ከወረደ አቅሙ አልበቃም። 12.4 ላይ እያለ ድንገት ከተቆረጠ ግን ባትሪውን አትንኩ፣ ኬብሉን እዩ። ርካሽ የፒቪሲ ኬብል በብርድ ይደርቃል፤ ንፋስ ሲያወዛውዘው ሽፋኑ ይሰነጠቃል። አንዱን በጣቴ ጎበጥ ባደርገው እንደ ደረቅ ቅርፊት ተሰባበረ። ሙቀት ሲመለስ የተላቀቀው ሽቦ መልሶ ይነካካል፣ ጣቢያው "ዳነ" ይባላል። አልዳነም።

መፍትሄው፦ ባትሪው አምስት ወር ያለ ፀሐይ እንዲችል አስሉ። አቅሙን በብርዱ ቁጠሩ፣ ካርቶኑ ላይ በተጻፈው አይደለም። ፓነሉን ወደ ሰሜን አዙሩና ቀጥ አድርጋችሁ አቁሙት፤ የተኛ ፓነል ዝቅ ያለችውን ፀሐይ አያገኛትም፣ በረዶም ይከመርበታል። ኬብሉ የሲሊኮን ሽፋን ያለው ይሁን። ቮልቴጅ ሲወርድ መሣሪያዎቹን ከባትሪው የሚያቋርጥ መቆጣጠሪያም ይኑረው፤ የሞላ ባትሪ እስከ -50 ይቋቋማል፣ ባዶው ግን -10 አካባቢ በረዶ ይሆናል።

ተጠንቀቁ፦ በረዶ የሆነ ባትሪ ቻርጅ አታድርጉ፣ ሊፈነዳ ይችላል። ሳጥኑ ካበጠ ወይም ከተሰነጠቀ ጨርሶ አትጠቀሙበት። አሲድ አፈሩ ላይ እንዳይፈስ፤ በዚያ ደረቅ አፈር ውስጥ የሚኖሩ ጥቃቅን ትሎች ናቸው የምንከታተላቸው! አሮጌ ባትሪ ጥሎ መሄድም ክልክል ነው። የአንታርክቲካን አካባቢ የሚጠብቀው የ1991 (እ.ኤ.አ.) የማድሪድ ፕሮቶኮል ባትሪ ከአንታርክቲካ እንዲወጣ ያዛል።

በክረምት ሙቀቱ በሰዓታት ውስጥ ከ20 ዲግሪ በላይ ይዘላል

ሴንሰሩ አልተበላሸም። ንፋሱ አብሮ ከበረታና እርጥበቱ ከወረደ፣ ከተራራው የሚወርደው ሞቃት የፎየን ንፋስ ነው። እባካችሁ እንደ ስህተት አትሰርዙት።

የንፋስ መለኪያው በቀላል ንፋስ አይዞርም

አሸዋ ኩሽኔታው ውስጥ ገብቷል። ኩሽኔታውን ቀይሩ፤ ዘይት መጨመር አሸዋውን የባሰ ያጣብቀዋል።

የአፈር ሙቀት በበጋ ቀትር ላይ ከሌሎቹ ነጥቦች ተለይቶ ይንራል

ንፋስ አፈሩን ጠርጎ ሴንሰሩን አውጥቶታል። ጥልቀቱን ለኩ፣ ቀኑን መዝግቡ፣ ከዚያ መልሳችሁ ቅበሩ። ሳይመዘግብ የቀበረ ሰው ዳታው የቱ ጋ እንደተበላሸ ለማወቅ የሚቻልበትን ብቸኛ ምልክት አጥፍቷል።