ከጁኒየር ኮሌጅ የሚዘዋወር ተጫዋችን ስንገመግም የምንሠራቸው ስህተቶች

የአሜሪካ ኮሌጆች የቅርጫት ኳስ ውድድር በሚያዝያ መጀመሪያ ሲያበቃ የደጋፊው ወሬ ከሜዳ ወደ ምልመላ ይዞራል። ከካንሳስ፣ ከቴክሳስ ወይም ከፍሎሪዳ የአንድ ጁኒየር ኮሌጅ (የሁለት ዓመት ኮሌጅ) ተጫዋች ስም ይነሳል፣ ትልልቅ ዩኒቨርሲቲዎች እየተሻሙበት ነው ይባላል፣ ሳምንት ሳይሞላው ስለ ልጁ የማያውቅ ሰው ይጠፋል። እኔ በምኖርበት በሜሪላንድ፣ በተለይ በሲልቨር ስፕሪንግ የእኛ ሰዎች በሚያዘወትሯቸው ቡና ቤቶች፣ ክርክሩ በአማርኛም ይካሄዳል። ልጆቻችን በእነዚህ ዩኒቨርሲቲዎች ስለሚማሩ ቡድኖቹን የራሳችን አድርገናቸዋል። ክርክሩን እወደዋለሁ። የማልወደው የአንድ የሃያ ዓመት ወጣት ስም ባልተጣራ ነገር ከፍ ዝቅ ሲደረግ ነው። ደጋግሜ የምሰማቸውን ስህተቶች እዚህ አንሥቻለሁ፤ ዓመታቱና ወራቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

«ጎበዝ ቢሆን ኖሮ እዚያ አይገባም ነበር» ማለት

ከሁሉም የከፋው ይህ ነው። የሁለት ዓመት ኮሌጆችን ስፖርት የሚመራው ማኅበር፣ ኤንጄሲኤኤ፣ የተመሠረተው በ1938 ነው። ከዚያ ወዲህ ወደ እነዚህ ኮሌጆች የገቡ ወጣቶች ምክንያታቸው የተለያየ ነው። አንዱ የሁለተኛ ደረጃ ውጤቱ አልሞላለትም። ሌላው ቁመቱ የጨመረው ዘግይቶ ስለሆነ መልማይ አላየውም። ሌላው ከውጭ አገር መጥቶ ማንም አያውቀውም። ክሪስ ዱዋርቴ ከዶሚኒካን ሪፐብሊክ መጥቶ በፍሎሪዳ ኖርዝዌስት ፍሎሪዳ ስቴት ኮሌጅ ተጫወተ፣ በ2019 የጁኒየር ኮሌጆች ምርጥ ተጫዋች ተባለ፣ ወደ ኦሬገን ዩኒቨርሲቲ ተዛወረ፣ በ2021 ደግሞ የፕሮፌሽናሉ ሊግ የኤንቢኤ ክለቦች አዳዲስ ተጫዋቾችን በየተራ በሚወስዱበት ምርጫ 13ኛ ሆኖ ተመረጠ።

ለእኛ አካባቢ ሰው ከዚህ የቀረበ ምሳሌ አለ። ስቲቭ ፍራንሲስ የሲልቨር ስፕሪንግ ጎረቤት የሆነችው የታኮማ ፓርክ ልጅ ነው። መጀመሪያ ቴክሳስ በሚገኘው ሳን ጃሲንቶ፣ ቀጥሎ በምዕራብ ሜሪላንድ በሚገኘው አሌጌኒ ኮሌጅ ተጫወተ። ከዚያ በ1998 ወደ ሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ በአንድ የውድድር ዘመን በአማካይ 17 ነጥብ አስቆጠረ፤ ቡድኑም 28 ጊዜ አሸነፈ። በ1999 በኤንቢኤ ምርጫ ሁለተኛ ወጣ። ከቤቱ ዩኒቨርሲቲው ወዳለበት ወደ ኮሌጅ ፓርክ የሚያደርሰው መንገድ አጭር ነው፤ እሱ ግን በቴክሳስ ዞሮ ነው የደረሰበት። ይህን ታሪክ የሚያውቅ የሜሪላንድ ደጋፊ የጁኒየር ኮሌጅን ልጅ በንቀት ሊያነሣ አይገባውም።

የውጤት ችግር የነበረበትም ቢሆን ንቀት አይገባውም። ከሁለተኛ ደረጃ ሲወጣ የዩኒቨርሲቲዎችን ስፖርት የሚመራውን ማኅበር፣ የኤንሲኤኤን፣ የትምህርት መስፈርት ያላሟላ ተጫዋች ወደ አንደኛው ዲቪዚዮን ለመግባት፣ በቆየው ደንብ መሠረት፣ ከሁለት ዓመት ኮሌጁ መመረቅ፣ ወደ ዩኒቨርሲቲ የሚሻገሩ 48 ክሬዲቶችን መጨረስና 2.5 አማካይ ውጤት ማምጣት ነበረበት። ከክሬዲቶቹ መካከል እንግሊዝኛ፣ ሒሳብና የተፈጥሮ ሳይንስ የግድ ናቸው። ይህን ሁሉ በረጅም የአውቶቡስ ጉዞ መካከል የፈጸመ ልጅ ሰነፍ ሊባል አይችልም።

በአማካይ ነጥቡ ብቻ መመዘን

«በጨዋታ 20 ነጥብ ያስቆጥራል» የሚለው ዜና ደጋፊውን ያሰክራል። የመጀመሪያው ጥያቄ መሆን ያለበት ግን ቡድኑ በምን ፍጥነት ይጫወታል የሚለው ነው። ብዙ የጁኒየር ኮሌጅ ቡድኖች ሜዳውን ሙሉ እየጫኑና እየሮጡ ይጫወታሉ፤ ስለዚህ በአንድ ጨዋታ ውስጥ የሚደረገው የማጥቃት ሙከራ ይበዛል። ይህንን ለማስላት የተለየ እውቀት አያስፈልግም። ከቡድኑ የተለመደ አኃዝ ላይ የሜዳ ውርወራዎችን ውሰዱ፣ በማጥቃት የተገኙ ሪባውንዶችን (ሳይገቡ ተመልሰው በቡድኑ የተያዙ ኳሶችን) ቀንሱ፣ ያለ ውርወራ የጠፉ ኳሶችን ደምሩ፣ ከቅጣት ውርወራዎች ደግሞ 0.475 ያህሉን ጨምሩ።

ለምሳሌ አንድ ቡድን 68 የሜዳ ውርወራ፣ 12 የማጥቃት ሪባውንድ፣ 16 የጠፉ ኳሶችና 20 የቅጣት ውርወራ ቢኖረው 81.5 የማጥቃት ዕድል አግኝቷል ማለት ነው። እናንተ የምትደግፉት ዩኒቨርሲቲ በጨዋታ 67 ዕድል ብቻ የሚያገኝ ከሆነ የልጁ 20 ነጥብ ወደ 16 ይወርዳል። ይህ እንግዲህ ያው ደቂቃ፣ ያው ድርሻና ያው የተቃራኒ ቡድን ጥንካሬ ይኖራል ብለን ነው። ሦስቱም ሊኖሩ አይችሉም።

ሁለተኛው ጥያቄ በየትኛው ደረጃ ተጫወተ የሚለው ነው። ጁኒየር ኮሌጅ ስለተባለ ሁሉም አንድ አይደለም። በኤንጄሲኤኤ አንደኛ ዲቪዚዮን የትምህርት ክፍያን፣ መኖሪያንና ምግብን የሚሸፍን ስኮላርሺፕ ይሰጣል፤ በሁለተኛው የትምህርት ክፍያና መጻሕፍት ይሸፈናሉ፤ በሦስተኛው የስፖርት ስኮላርሺፕ የለም። የካሊፎርኒያ ኮሌጆች ደግሞ ከዚህ ማኅበር ውጪ ሆነው የራሳቸው ውድድር አላቸው፤ እነሱም የስፖርት ስኮላርሺፕ አይሰጡም። በካንሳስ ኮሌጆች ሊግ በየሳምንቱ ወደ ትልልቅ ዩኒቨርሲቲዎች ከሚሄዱ ልጆች ጋር የተጋጠመ ተጫዋች 14 ነጥቡ የሌላውን 22 ሊበልጥ ይችላል።

ሦስተኛው የሩቅ ውርወራው ነው። ከ60 ሙከራ 23 ያስገባ ተጫዋች 38 በመቶ ይባላል። ሦስቱ ኳሶች ብረት ነክተው ቢወጡ ኖሮ 33 በመቶ ይሆን ነበር። ሙከራው ጥቂት ሲሆን እኔ የቅጣት ውርወራውን አያለሁ፤ ማንም ሳይከላከለው፣ ከዚያው ቦታ፣ ብዙ ጊዜ ስለሚወረውር እጁን ይበልጥ ያሳያል። በሦስት ነጥብ 38 በመቶ፣ በቅጣት ውርወራ ግን 58 በመቶ ያለውን ልጅ ተኳሽ ብዬ ለመጥራት እቸገራለሁ።

«ሁለት ዓመት ይቀረዋል» ብሎ መደምደም

ሰው ሁሉ የጁኒየር ኮሌጅ ተጫዋች ሁለት ዓመት ተጫውቶ ሁለት ዓመት ይዞ ይመጣል ብሎ ያስባል። እውነታው ከልጅ ልጅ ይለያያል። ጂሚ በትለር በቴክሳስ ታይለር ጁኒየር ኮሌጅ የቆየው አንድ ዓመት ብቻ ስለነበር በ2008 ወደ ማርኬት ዩኒቨርሲቲ ሲመጣ ሦስት ዓመት ነበረው። ፍራንሲስ ሁለት ቢኖረውም የተጠቀመው አንዱን ነው።

ደንቡ ለረጅም ጊዜ አራት የውድድር ዘመን በአምስት ዓመት ውስጥ የሚል ነበር፤ አምስቱ ዓመት የሚቆጠረውም ተጫዋቹ በየትኛውም ኮሌጅ ሙሉ ተማሪ ሆኖ ከተመዘገበበት ጊዜ ጀምሮ ነው። በ2021 መጸው የተመዘገበ ተጫዋች በጉዳት ሁለት ዓመት ተቀምጦ ሁለት ዓመት ቢጫወት፣ በ2025 ሲዛወር በወረቀት ሁለት የውድድር ዘመን ይቀሩታል፤ አምስተኛው ዓመት ግን በ2026 ጸደይ ያልቃል። በዚህ ስሌት ደጋፊው ሁለት ዓመት ሲጠብቅ የሚያገኘው አንድ ነው።

በዚህ ላይ ሕጉ ራሱ እየተናወጠ ነው። በኮሮና ምክንያት የ2020-21 የውድድር ዘመን ከቁጥር እንዲወጣ ተደርጎ ነበር። በታኅሣሥ 2024 ደግሞ በጁኒየር ኮሌጅነት በሚወዳደረው በኒው ሜክሲኮ ሚሊተሪ ኢንስቲትዩት የጀመረው የቫንደርቢልት የአሜሪካ እግር ኳስ ተጫዋች ዲዬጎ ፓቪያ፣ የጁኒየር ኮሌጅ ዓመታት ሊቆጠሩብኝ አይገባም ብሎ ኤንሲኤኤን ከሶ ከፌዴራል ፍርድ ቤት ጊዜያዊ እግድ አገኘ። ኤንሲኤኤም በእሱ ዓይነት ሁኔታ ላይ ሆነው ዕድላቸው በዚያ የትምህርት ዘመን ለሚያበቃ ተጫዋቾች አንድ ተጨማሪ ዓመት ፈቀደ። ከዚያ ወዲህ ሌሎች ተጫዋቾችም ከስሰዋል፤ የፍርድ ቤቶቹ ውሳኔ ግን አንድ ዓይነት አልሆነም። ስለዚህ «ስንት ዓመት ይቀረዋል?» ተብሎ ሲጠየቅ ከመመለስ በፊት መቼ ተመዘገበ፣ ስንት ዓመት ተጫወተ፣ የትኛው ደንብ ይመለከተዋል ብሎ መመርመር ይገባል።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ላንሣ፤ የጁኒየር ኮሌጅ ተጫዋቾችን ስም ኤንሲኤኤ በ2018 በከፈተው የዝውውር መዝገብ ውስጥ መፈለግ ከንቱ ድካም ነው። መዝገቡ በኤንሲኤኤ ሥር ላሉ ኮሌጆች ተጫዋቾች የተሠራ ነው፤ እነዚህ ልጆች የሚመለመሉት ከዚያ ውጪ ነው።

የቃል ስምምነትን እንደ ፊርማ መቁጠር

ሳይገድሉ ጎፈሬ፣ ሳያጣሩ ወሬ ይሏል ይህ ነው። ተጫዋቹ «ይህን ዩኒቨርሲቲ መርጫለሁ» ማለቱ ማንንም አያስርም፤ እሱንም፣ አሰልጣኙንም። የሚያስረው በጽሑፍ የሚፈረመው የገንዘብ ድጋፍ ውል ነው፤ ለብዙ ዓመታት ይሠራበት የነበረው ብሔራዊ የፍላጎት መግለጫ ደብዳቤ በጥቅምት 2024 ተሰርዟል። «ዕድል ሰጡት» የተባሉ ዩኒቨርሲቲዎች ዝርዝርም እንዲሁ በጥርጣሬ ይታይ። አንዳንዱ የመጀመሪያ ምርጫው አድርጎት ነው፣ አንዳንዱ ሌላው ከቀረበት ብሎ ነው።

ቡድኑ ምን እንደጎደለው ሳይጠይቁ ኮከብ መመኘት

በ1986 በአሰልጣኝ ቦብ ናይት የሚመራው የኢንዲያና ዩኒቨርሲቲ በክሊቭላንድ ስቴት ተሸንፎ ከብሔራዊው ውድድር የመጀመሪያ ዙር ተሰናበተ። ቡድኑ ስቲቭ አልፎርድን የመሰለ ተኳሽ ነበረው። የጎደለው ፍጥነትና በቀለበቱ ሥር የሚቆም ረጅም ሰው ነበር። ናይት ወደ ጁኒየር ኮሌጆች ብዙም የማይመለከት አሰልጣኝ ቢሆንም ኪት ስማርትን ከካንሳሱ ጋርደን ሲቲ፣ ዲን ጋሬትን ከሳን ፍራንሲስኮ ሲቲ ኮሌጅ አመጣ። በመጋቢት 30 ቀን 1987 በኒው ኦርሊንስ በተደረገው የፍጻሜ ጨዋታ አልፎርድ 23 ነጥብ አስቆጠረ። ተጋጣሚው ሲራክዩስ እሱን አጥብቆ ሲከላከል በሌላው በኩል ክፍት የሆነው ስማርት ከኢንዲያና የመጨረሻ 15 ነጥቦች 12ቱን አስገባ፤ የመጨረሻዋም ኳስ የእሱ ነበረች። 74 ለ 73።

ስማርት በዚያ ዓመት በአገሪቱ እጅግ የተፈለገ ሰው ስለነበር አይደለም ይህ የሆነው። አልፎርድ ለተከላካዮች ከባድ ጭንቀት ስለሆነ፣ ያንን ጭንቀት የሚጠቀምበት ፈጣን ሰው ቡድኑ ያስፈልገው ስለነበር ነው። ዛሬ የምትደግፉት ቡድን ኳስ ይዘው መጫወት የሚፈልጉ ሁለት ልጆች ካሉት፣ ኳሱን ካልያዘ የማያምርበትን ሦስተኛ መጨመር የሁሉንም ዋጋ ይቀንሳል። ገንዘቡም ሊታሰብ ይገባል። ከሐምሌ 2025 ጀምሮ ዩኒቨርሲቲዎች ለተጫዋቾቻቸው በቀጥታ መክፈል ችለዋል፤ የመጀመሪያው ዓመት ጣሪያ ለሁሉም ስፖርቶች በድምሩ 20.5 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነበር። ለአንዱ የተከፈለ ለሌላው አይከፈልም።

ገና በኅዳር መፍረድ

ላሪ ጆንሰን ከቴክሳሱ ኦዴሳ ኮሌጅ ወደ ላስ ቬጋስ ኔቫዳ ዩኒቨርሲቲ በመጣ በመጀመሪያው ዓመት በአማካይ ከ20 ነጥብ በላይ አስቆጠረ፤ በ1990 ቡድኑ ዱክን 103 ለ 73 አሸንፎ ዋንጫ ወሰደ። እሱን መለኪያ ማድረግ ግን ለሌሎቹ ሁሉ ግፍ ነው። በትለር በማርኬት በመጀመሪያው ዓመት ያስቆጠረው በአማካይ 5.6 ነጥብ ነበር። በሁለተኛው 14.7፣ በሦስተኛው 15.7። በ2011 በኤንቢኤ ምርጫ የመጀመሪያው ዙር የመጨረሻ፣ 30ኛ ሆኖ ወጣ፤ ከዚያ በኋላ የኤንቢኤ ኮከብ ሆነ። በእሱ የመጀመሪያ ዓመት ኅዳር ላይ «ተሳስተናል» ብሎ የጻፈ ደጋፊ ካለ ምን እያለ እንደሆነ አላወቀም።

አዲሱ ልጅ የመከላከል ስልቱን፣ የትምህርቱን ክብደት፣ የአሰልጣኙን ቋንቋ በአንድ ጊዜ ይማራል። እኔ ቢያንስ እስከ የካቲት ድረስ ብይን አልሰጥም።

ለልጁ በቀጥታ መጻፍ

ለዩኒቨርሲቲው የስፖርት ክፍል ገንዘብ የለገሰ ሰው ተመልማይን ለማግባባት መልእክት ቢልክ የኤንሲኤኤን ደንብ መጣስ ነው፤ መዘዙም የሚወዱት ቡድን ላይ ይወርዳል። ደንቡ የማይመለከተው ተራ ደጋፊም ቢሆን ይተወው። ሌላ ዩኒቨርሲቲ ከመረጠ በኋላ የሚላከው ስድብ ደግሞ ነውር ነው። ያ ልጅ እናት አለው፣ እሷም የተጻፈውን ታነባለች።

ጨዋታውን ሳያዩ መከራከር

የሁለት ደቂቃ ቪዲዮ የገቡትን ኳሶች ብቻ ያሳያል። የኤንጄሲኤኤ አንደኛ ዲቪዚዮን የወንዶች ብሔራዊ ውድድር ከ1949 ጀምሮ በመጋቢት ወር በካንሳስ ሃቺንሰን ከተማ ይካሄዳል፤ የልጁ ቡድን እዚያ ከደረሰ አንድ ሙሉ ጨዋታ መመልከት ከወር ሙሉ ወሬ ይበልጣል። ሲመለከቱ ዓይንን ከኳሱ ላይ አንሥቶ ልጁ ላይ ማድረግ ያስፈልጋል። ኳስ ሲያጣ ወደ ኋላ ይሮጣል ወይስ እጁን ዘርግቶ ዳኛውን ያያል? የሚከላከለው ሰው ከጓደኛው ጀርባ ሲያልፍ ይከተለዋል ወይስ ይጠፋበታል? በሁለተኛው አጋማሽ አሰልጣኙ ሲያስወጣው የት ነው የሚቀመጠው፣ ከማን ጋር ነው የሚያወራው? የሚቀጥለው አሰልጣኝ ስንት ደቂቃ እንደሚያጫውተው የሚወስኑት አብዛኛውን ጊዜ እነዚህ ናቸው።