በክረምት የትምህርት ቤትን የሳር ሜዳ መጠገንና ማሻሻል

በመሀል አዲስ አበባ፣ በአራት ኪሎ፣ በፒያሳና በካዛንቺስ አካባቢ ያሉ ትምህርት ቤቶች ሜዳቸው ጠባብ፣ ተጫዋቹ ግን ብዙ ነው፤ ሣሩም ከእግር የሚያርፈው ተማሪዎች ለዕረፍት በሚበተኑባቸው በሐምሌና በነሐሴ ነው። እነዚህ ወራት የከተማዋ ዝናብ የሚበረታባቸው በመሆናቸው፣ ሜዳ ለማሻሻል የተነሣ ሁሉ ከሳሩ አስቀድሞ ስለ ውሃው ማሰብ አለበት። ውሃ በሚተኛበት መሬት ላይ የተተከለ ሳር፣ የቱንም ያህል ገንዘብ ቢወጣበት፣ ሥሩ አየር አጥቶ ይበሰብሳል።

ብርቱ ዝናብ ካባራ ከአንድ ሰዓት በኋላ ሜዳውን ዞሮ ውሃ ያቆረባቸውን ቦታዎች በችካል ማመልከት፣ ውሃው ከየት እንደመጣም መከታተል ያስፈልጋል። በፎቅና በኮንክሪት በተከበበ ግቢ ውስጥ ሜዳውን የሚያጥለቀልቀው ብዙ ጊዜ ከጣሪያና ከንጣፍ ላይ የሚወርደው ጎርፍ ነው፤ እንዲህ ከሆነ አሸንዳውን ወደ ቱቦ ማዞር ሜዳውን ከመቆፈር ይቀድማል፣ ወጪውም ያነሰ ነው። ቀጥሎ ከችካሎቹ አጠገብ አንድ አካፋ አፈር አውጥቶ መመርመር ይገባል። አፈሩ ግራጫ ሆኖ የተበላሸ እንቁላል ከሸተተ፣ ሥሩም ሁለት ሦስት ጣት ያህል ወርዶ ከቆመ፣ ያ ቦታ ማፍሰሻ ቦይ ይፈልጋል።

ቦዩ 20 ሴንቲ ሜትር ስፋትና 50 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ይኑረው፤ በየ10 ሜትሩም ቢያንስ 10 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ይበል። ከታች ቀዳዳ ያለው የፕላስቲክ ቧንቧ ተዘርግቶ 02 የሚባለው የግንባታ ጠጠር ይሞላበታል፣ የላይኛው 15 ሴንቲ ሜትር ደግሞ በታጠበ አሸዋ ይሸፈናል። የተቆፈረውን ጭቃ መልሶ መሙላት ቦዩን ይደፍነዋልና ድካሙን ሁሉ ከንቱ ያደርገዋል። መውጫው ከዝናብ ውሃ ቱቦ ጋር እንጂ ከሽንት ቤት ፍሳሽ መስመር ጋር ፈጽሞ መገናኘት የለበትም፤ ከመውጫው በፊትም ደለል የሚዘቅጥበት ጉድጓድ ካልተሠራ የመንገዱ ቱቦ በእኛው አፈር ይደፈናል። ሥራው በዝናብ መካከል ከሆነ ሠራተኞችም ጋሪውም በጣውላ ላይ ይሂዱ።

በእግር ለተጠቀጠቀ መሬት፣ በተለይም ለግብ ክልል፣ የጎልፍ ሜዳ ባለሙያዎች የሚጠቀሙበት ዘዴ እጅግ ጠቃሚ ነው። እነርሱ ውስጡ ክፍት በሆነ ብረት መሬቱን እየወጉ አፈሩን መዘው ያወጡና ቀዳዳውን በአሸዋ ይሞላሉ። ማሽን ለሌለው ትምህርት ቤት አፉ የተሳለ የግማሽ ኢንች የብረት ቧንቧ በቂ ነው፤ በየ10 ሴንቲ ሜትሩ፣ እስከ 8 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ይወጋል። ሹል ፌሮ አልመክርም፤ አፈር ስለማያወጣ ሸክላማውን መሬት በቀዳዳው ዙሪያ ይበልጥ ያጠብቀዋል። አፈሩ ጣት ላይ የሚለጠፍ ከሆነ ጥቂት ፀሐያማ ቀናት መጠበቅ ይሻላል። አሸዋውን ለመፈተን በብርጭቆ ከውሃ ጋር አናውጦ ማስቀመጥ ነው፤ ሲረጋ በላዩ ወፍራም የጭቃ ንጣፍ ከታየ ለዚህ ሥራ አይሆንም።

የተራቆቱ ቦታዎች እስከ ሐምሌ መጨረሻ ቢተከሉ ጥሩ ነው፤ ከዚያ ከዘገየ ትምህርት ሲከፈት ሳሩ ገና ሥር አልያዘም። የኪኩዩ ሳር ለአዲስ አበባ ብርድ ይስማማል፣ ሰርዶ ደግሞ የበጋውን ድርቅ ይችላል። የሁለቱም ሐረግ ተቆርጦ በ15 ሴንቲ ሜትር ርቀት ይተከልና አፈሩ በእግር ይጠቀጠቅበታል። ከፎቅ ጥላ ሥር ግን ሁለቱም ይሳሳሉ፤ እዚያ ደጋግሞ ከመትከል ጠጠር አልብሶ መተው ይሻላል።

ነባሩ ሳር ሲታጨድ ቅጠሉ ደረቅ ይሁን፤ በአንድ ጊዜም ከርዝመቱ ከሲሶው በላይ አይቆረጥ። ዩሪያ በሐምሌ ቢበተን ዝናቡ አጥቦ ይወስደዋልና በነሐሴ መጨረሻ ለ100 ካሬ ሜትር 1 ኪሎ፣ በደረቅ ቅጠል ላይ ተበትኖ ወዲያው ውሃ ይጠጣ። መስከረም ላይ አዲሱ ሳር ሲጎተት ከነአፈሩ የሚነቀል ከሆነ፣ ተማሪዎች ቢመለሱም ቦታው በገመድ እንደታጠረ ይቆይ፣ ግቡም ለጊዜው ወደ ሌላ ጎን ይዛወር።