በማዕዘን ቦታ ላይ አነስተኛ አፓርታማ እንዴት ይነደፋል

አዲስ አበባ ውስጥ ሁለት መንገድ የሚገናኝበት ቦታ የሚወደደው ለሱቅ ስለሚመች ነው። ለነዋሪው ግን ዋናው ሀብት ከሁለት አቅጣጫ የሚገባው ብርሃንና አየር ነው። ለምሳሌ 15 በ18 ሜትር የሆነ፣ በምሥራቅና በደቡብ መንገድ ያለው ቦታ እንውሰድ፤ በየወለሉ ሁለት ቤት፣ ከምድር ቤቱ በላይ አራት ፎቅ።

መጀመሪያ የይዞታ ካርታውን ይዘው ወደ ግንባታ ፈቃድ ክፍል ይሂዱ። የሚፈቀደውን ከፍታ፣ ከመንገድ የሚለቀቀውን ርቀትና የመንገድ ማስፋፊያ ዕቅድ መኖሩን ይጠይቁ፤ የማዕዘን ቦታ በሁለት በኩል ሊቆረጥ ይችላል። የአፈር ምርመራውንም ያስቀድሙ።

ቀጥሎ ፀሐይን ይመልከቱ። በታኅሣሥ የቀትር ፀሐይ ከአናት 32 ዲግሪ ያህል ወደ ደቡብ ታዘነብላለች፤ በሰኔ 14 ዲግሪ ያህል ወደ ሰሜን። ሳሎኑን በደቡብ፣ መኝታ ቤቱን በምሥራቅ ካደረጉ በብርዱ ወራት ሁለቱም ይሞቃሉ።

ማዕዘኑን ለደረጃ አይስጡ፤ የሕንፃው ምርጥ ቦታ መተላለፊያ ሆኖ መቅረት የለበትም። ደረጃው ሁለቱ የጎረቤት ወሰኖች በሚገናኙበት የውስጥ ጥግ ይሁን። ከወለል ወለል 3.06 ሜትር ከሆነ 17 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ያላቸው 18 እርከኖች ያስፈልጋሉ፤ 2.5 በ4.7 ሜትር ክፍል ይበቃቸዋል። ከጎኑ እስከ ጣራ ክፍት የሆነ የአየር መተላለፊያ ይተዉና ወጥ ቤቶቹን በዙሪያው ያድርጉ። የእንጀራ ምጣዱ ቦታ መስኮቱ ሥር ይሁን፤ ከ3 ኪሎዋት በላይ ስለሚወስድ የራሱ የኤሌክትሪክ መስመር ይዘርጋለት።

አሁን አደራ የምለው ነገር አለ። በ2017 ዓ.ም. በአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ የደረሱት የመሬት መንቀጥቀጦች አዲስ አበባ ድረስ ተሰምተዋል። በማዕዘን ሕንፃ በጎረቤት በኩል ያሉት ሁለት ጎኖች ድፍን ብሎኬት ሲሆኑ በመንገድ በኩል ያሉት ኮለን (የአርማታ ምሰሶ) እና መስታወት ብቻ ናቸው። ምድር ስትናወጥ ድፍኑ ጎን ብዙም ሳይነቃነቅ ክፍቱ ይወዛወዛል፤ ሕንፃው ይጠመዘዛል፣ የማዕዘኑ ኮለንም ክፉኛ ይጎዳል። ደረጃውን ከነአርማታ ግድግዳው ወደ ውስጥ ጥግ መውሰዳችን ይህን ያባብሰዋል። ስለዚህ የስትራክቸር መሐንዲሱን ንድፉ ሳይጠናቀቅ ያማክሩ፤ በሁለቱም መንገዶች በኩል የአርማታ ግድግዳ ያስገባ። ሱቁ ጥቂት መስታወት ቢያጣ ምንም አይደለም።

በመጨረሻ ምድር ቤቱን ይደልድሉ። ሱቁ በማዕዘኑ ይሁን፤ ጫፉን በሰያፍ ቢቆርጡት እግረኛና አሽከርካሪ ይተያያሉ። የነዋሪዎችን በር ጸጥ ባለው መንገድ፣ የመኪና መግቢያውን ከመገናኛው በተቻለ መጠን አርቀው ያድርጉ። ውኃ በፈረቃ ስለሚመጣ የምድር ውስጥ ማጠራቀሚያውን ቦታ መሠረቱ ሳይወጣ ይወስኑ።